መብራት ጠፋ፤ ክላስተሩ ግን በርቶ ሰነበተ

አርብ ነበር፤ ታኅሣሥ 2017። ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ፈረንጅ አራዳ በተከራየናት ክፍል መብራት ድርግም አለ። የዋይፋዩ ሳጥን ጠፋ። ባትሪው የደከመው የእኔ ላፕቶፕም አብሮ ሄደ። ትንሽ ጠበቅን። አልመጣም። "በቃ ሰኞ" ተባባልን፤ በሩን ቆለፍን፤ ባጃጅ ይዘን ወደየቤታችን ገባን።

ስወጣ ልቤ አርፎ ነበር። ክፍሉ ጨለማ ነው። የሚበራ ነገር የለም። ሁሉም ጠፍቷል ብዬ ነው የሄድኩት። የእኛ ሥራ ግን የሚሠራው ጅማ አይደለም። አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ የተከራየናቸው 10 ኮምፒውተሮች፣ ማለትም ክላስተሩ፣ ናቸው የሚሠሩት። እነሱ ጋ መብራት አልጠፋም።

ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ከሩብ ላይ ስልኬ ጠራ። ታላቅ እህቴ ናት። እሷም የምትኖረው እዚያው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። የማሽኖቹ ኪራይ የሚቆረጠው ከእሷ ካርድ ነው። እዚህ ሆኖ በዶላር የሚከፍል ካርድ ማግኘት ቀላል ስላልሆነ እሷ ትከፍላለች፤ ደንበኛ ሲከፍለን እንመልስላታለን። እሷ ጋ እኩለ ሌሊት አልፏል። ሌሊት ፈረቃ ላይ ነበረች፤ አረጋውያንን ትንከባከባለች።

"ሚጡዬ፣ ደህና ናችሁ? ሥራ በዝቶባችኋል መሰለኝ። 300 ዶላር አለፋችሁ የሚል ኢሜይል መጥቷል። ቅዳሜ ነው የላኩት፤ እኔ አሁን ገና ማየቴ ነው።"

አልተቆጣችም። እሱ ነው የከበደኝ። እየተንተባተብኩ "ቆይ እትዬ፣ አንዴ ልየው" አልኳት። ላፕቶፑን ከፈትኩ። አሥሩም ማሽኖች በርተዋል። 2 ሰዓት ተኩል ላይ ዘጋኋቸው። ከዚያ መዝገቡን ሳገላብጥ አርብ ዕለት የጀመርነው ሥራ ያለቀው መብራት ከጠፋ ከ20 ደቂቃ በኋላ እንደነበር አየሁ። ከዚያ በኋላ ለ62 ሰዓት ከ40 ደቂቃ 10 ማሽኖች ምንም ሳይሠሩ ተቀምጠዋል።

አንዱ ማሽን በሰዓት 38 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ነው። ሲሰሙት ምንም አይመስልም። አሥሩ ሲደመሩ 3 ዶላር ከ84 ሳንቲም በሰዓት ይሆናሉ። በ62 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ሲባዛ ወደ 240 ዶላር ይመጣል። በዚያ ሰሞን ምንዛሪ 30 ሺህ ብር ገደማ ማለት ነው። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ የለቀቀው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው። ከዚያ በፊት ዶላሩ 57 ብር አካባቢ በነበረበት ጊዜ ቢሆን ይኸው ስሕተት ከ14 ሺህ ብር በታች ነበር። ስሕተታችን ያው ነው፤ ዋጋው ግን ከእጥፍ በላይ ሆነ። በብር እያሰበ በዶላር ለሚከራይ ሰው አሁን አንዲት ሥራ ፈት ሰዓት የምትቆጠር ናት።

ሥራችን ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ አለበለዚያ 10 ማሽን ምን ያደርግላችኋል ትሉኛላችሁ።

እኛ አራት ነን። ከሳተላይት ምስል የቡና ካርታ እንሠራለን። ጎማ፣ ጌራ፣ ሊሙ ሄዳችሁ እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ የእኛ አገር ቡና ከትልልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ነው ያለው። ከላይ ሲታይ ቡናውም ጫካውም አረንጓዴ ነው። ሁለቱን መለየት አድካሚ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በፈረንጆቹ 2023 ባወጣው ሕግ ደግሞ፣ ከ2020 መጨረሻ በኋላ ከተመነጠረ ጫካ የተገኘ ቡና ወደዚያ እንዳይገባ ተወስኗል። ስለዚህ ገዢው ቡናው የበቀለበትን ቦታ በካርታ ይጠይቃል። ሴንቲኔል 2 የሚባሉት ሳተላይቶች ምስላቸውን በነፃ ይሰጣሉ፤ በየ5 ቀኑ ገደማ በላያችን ያልፋሉ። አንዱ ምስል 110 በ110 ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። የብዙ ዓመት ምስል ሲደራረብ አንድ ላፕቶፕ አይችለውም።

ለዚህ ነው ክላስተር የምንከራየው። ክላስተር ማለት አንድን ሥራ ተካፍለው እንዲሠሩ የተያያዙ ኮምፒውተሮች ናቸው። ደቦ በሉት። ብዙ ሰው ትጠራላችሁ፣ አዝመራው በአንድ ቀን ይገባል። ልዩነቱ፣ የደቦ ሰው ሥራው ሲያልቅ መርቆ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የክላውድ ማሽን፣ በኢንተርኔት የተከራያችሁት ማለት ነው፣ ግን "ሂድ" ካላሉት አይሄድም። ቁጭ ብሎ ይበላል።

ደግሞ የእኛ ሥራ ወቅት አለው። ክረምት ላይ የጅማ ሰማይ ደመና ነው፤ ሳተላይቱ ቢያልፍም የሚያየው ነጭ ብቻ ነው። ጥርት ያለ ምስል የሚገኘው በበጋ ነው። ከኅዳር እስከ መጋቢት ሥራው ይቆለላል፤ ከዚያ ለሳምንታት ጭር ይላል። በሥራ ወቅት እንኳ ክላስተሩን የምንፈልገው በሳምንት 30 ሰዓት ያህል ነው። ሳምንት ደግሞ 168 ሰዓት አለው። ክላውድ ለእንዲህ ዓይነት ሥራ የተፈጠረ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ማሽን ገዝተን ቢሆን አብዛኛውን ዓመት አቧራ ይጠጣ ነበር። ግን የሚያዋጣው የሚዘጋው ካለ ብቻ ነው።

ሕግ አልነበረንም እንዳትሉ። ነበረን። "መጨረሻ የወጣ ይዝጋ" የሚል። ያን አርብ መጨረሻ የወጣው ማን ነበር? አራታችንም አብረን ወጣን። ከዚያ ሰኞ በኋላ የመዝጊያ ተረኛ አወጣን፤ ስም ዝርዝር ግድግዳ ላይ ለጠፍን። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተረሳ። አንዱ ተረኛ ለቅሶ ሄዶ ነበር። ሌላዋ ደግሞ በስልኳ ልትዘጋ ስትሞክር ኔትወርክ አልነበረም። ማንን ትወቅሳላችሁ? ዝርዝሩን ገነጠልኩት። እውነቱን ለመናገር ስም ለጥፎ ሰው ማሳጣት መጀመሪያም አልወደድኩትም።

ከዚያ ሌላ ነገር ገባኝ። እኛ የምንረሳው ሰነፎች ስለሆንን አይደለም። መዝጋቱን እንፈራው ነበር። ክላስተሩን ከዜሮ አስነስቶ፣ ፕሮግራሞቹን ጭኖ፣ ዳታውን ቀድቶ ለሥራ ማዘጋጀት 50 ደቂቃ ይፈጅብን ነበር። ኢንተርኔቱ በመሃል ከተቋረጠ ደግሞ እንደገና ነው። ስለዚህ ለምሳ ስንወጣ "ተዪው፣ አሁን እንመለሳለን" እንባባላለን። ከሥራ ስንወጣ "ነገ ጠዋት እንፈልገዋለን" እንላለን። ማስነሳት እስከከበደ ድረስ መዝጋትን ማንም አይወደውም።

ስለዚህ ሥራውን የጀመርነው ከመዝጋት አይደለም፤ ከማስነሳት ነው። ይህን ጠበቅ አድርጌ የምናገረው ብዙ ሰው በተቃራኒው ስለሚጀምር ነው።

መጀመሪያ፣ ሁሉም ፕሮግራም የተጫነበትን ማሽን ቅጂ አስቀመጥን። አዲስ ማሽን ሲነሳ ከዚያ ቅጂ ነው የሚነሳው፤ ምንም አይጭንም። ቀጥሎ ዳታውን ከማሽኖቹ ዲስክ አወጣነው። ማሽኖቹን የሚያከራየን የአማዞን የፋይል ማከማቻ በሆነው ኤስ3 ላይ አደረግነው፤ ማሽን ቢኖርም ባይኖርም እሱ ይኖራል። ሦስተኛው ከሁሉም የበለጠ ጠቀመን። ሥራው እያንዳንዱን ምስል ሲጨርስ ውጤቱን ወዲያው እንዲያስቀምጥ አደረግን። በመሃል ቢዘጋ ካቆመበት ይቀጥላል። ከ40 ምስል 27ቱ ካለቁ፣ ሲነሳ ከ28ኛው ይጀምራል። አሁን ክላስተሩ በ4 ደቂቃ ለሥራ ይደርሳል። ውኃ ጥጄ እስኪፈላ ማለት ነው። ያን ቀን ከቡድናችን ማንም "ተዪው ይብራ" ማለቱን አቆመ። እኔም አልተናገርኩም፤ ራሱ ቀረ።

ከዚያ ወደ መዝጋቱ መጣን። እዚህ ብዙ ተሳሳትን።

የመጀመሪያው ሙከራችን የሰዓት ነበር። በየቀኑ ማታ 1 ሰዓት ይዘጋ። ቀላል ነው አይደል? ባልደረባዬ ክሮን ላይ፣ ሥራን በተባለው ሰዓት የሚያስነሳ ፕሮግራም ነው፣ 19 ብሎ ጻፈ፤ በፈረንጅ ሰዓት ማታ 1 ሰዓት 19 ነውና። ትክክል ነው፣ ግን ማሽኖቹ የሚያዩት ሰዓት ዩቲሲ የሚባለው ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። በእሱ 19 ሲሆን ጅማ ማታ 4 ሰዓት ነው። 3 ሰዓት ዘግይቶ ይዘጋ ነበር ማለት ነው። ያወቅነው ከ9 የሥራ ቀን በኋላ ነው። 27 ሰዓት፤ 104 ዶላር ገደማ ሄደ። እኛ ሦስት ሰዓት በጭንቅላታችን ይዘን ነው የምንኖረው፤ የአገራችን፣ የፈረንጁ፣ የማሽኑ። አሁን ከእያንዳንዱ የክሮን መስመር በላይ በአማርኛ እንጽፋለን፤ "ማታ 1 ሰዓት = 19 = ዩቲሲ 16"። እናንተም ጻፉት። የማያሳፍር ነገር ነው።

ሰዓት ብቻውን ግን አይበቃም። አንዳንድ ሥራ ማታ ተጀምሮ ሌሊቱን ነው የሚያድረው፤ በማታ 1 ሰዓት ሊዘጋ አይገባም። በሌላ ቀን ደግሞ ሥራው 6 ሰዓት ላይ አልቆ እስከ ማታ ባዶውን ይቀመጣል። ስለዚህ "ሥራ ፈት ሲሆን ዝጋ" አልን። ታዲያ ሥራ ፈት ማለት ምንድን ነው?

እኛ መጀመሪያ ሲፒዩውን፣ የማሽኑን ሒሳብ ሠሪ ክፍል፣ አየን። ለ30 ደቂቃ ከ5 በመቶ በታች ከሆነ ይዘጋ። በሁለተኛው ቀን የጌራን ምስሎች እያወረድን ሳለ ዘጋብን። ማውረድ ሲፒዩ አይፈልግም፤ ኔትወርክ ነው የሚፈልገው። ማሽኑ ላብ በላብ እየሆነ ነው፣ እኛ ግን እጁን ብቻ አይተን ተኝቷል አልን። በሚቀጥለው ሳምንት ተቃራኒው መጣ። የማሽኖቹን ጤና የሚከታተል ትንሽ ፕሮግራም ጭነን ነበር። እሱ ራሱ ሲፒዩውን ከ5 በመቶ በላይ ያደርገዋል። ሥራ የለም፣ ቁጥሩ ግን አይወርድም። ክላስተሩ አልዘጋ አለ።

አሁን የምንጠይቀው ሲፒዩውን አይደለም፤ ሥራ የሚያከፋፍለውን ፕሮግራም ነው። የእኛ ስፓርክ ይባላል። "የምትሠራው አለ? የሚጠብቅ አለ? የመጨረሻው መቼ አለቀ?" ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ስለርም የሚባለውን ሌላ አከፋፋይ ለሚጠቀሙ ወረፋውን ማየት ነው። ወረፋው ባዶ ከሆነ ሲፒዩው የትኛውንም ቁጥር ቢያሳይ ክላስተሩ ሥራ ፈት ነው። ከዚህ ላይ ሁለት ነገር እንጨምራለን። ሰው ገብቶ በእጁ እየጻፈ ነው ወይ? ኔትወርኩ ላይ ብዙ ነገር እያለፈ ነው ወይ? ሦስቱም "የለም" ካሉ፣ ለ20 ደቂቃም "የለም" እንዳሉ ከቆዩ፣ ይዘጋል።

ይህን የሚያደርገው ስክሪፕታችን፣ ማለትም ትንሽ ፕሮግራም፣ 40 መስመር ያህል ነው። ብዙዎቻችሁ መጻፍ እንኳ ላያስፈልጋችሁ ይችላል፤ የተከራያችሁት አገልግሎት ውስጥ ተሠርቶ ይጠብቃችኋል። የአማዞኑ ኢኤምአር ይህን ያህል ጊዜ ሥራ ከፈታ ይዘጋ የሚል ደንብ ይቀበላል፤ ከ1 ደቂቃ እስከ 7 ቀን። የጉግሉ ዳታፕሮክም የሥራ ፈት ጊዜ እና ትልቁ ዕድሜ የሚባሉ ሁለት ገደቦች አሉት። የአማዞኑ ፓራለልክላስተር ደግሞ ምንም ሳትነግሩት 10 ደቂቃ ሥራ የፈታን ማሽን ያሰናብታል። ዳታብሪክስ ላይ ክላስተር ስትከፍቱ የደቂቃ ቁጥር የሚሞላበት ሳጥን አለ። ግን አስተውሉ፤ እሱ የሚያየው በስፓርክ በኩል የሚሄደውን ሥራ ነው። ከስፓርክ ውጪ በራሳችሁ ያስነሳችሁትን ፕሮግራም አያይም፤ በላዩ ላይ ሊዘጋባችሁ ይችላል።

ከመዘጋቱ 10 ደቂቃ ቀደም ብሎ በቡድናችን ቴሌግራም ላይ መልእክት ይመጣል። "ሥራ የለም። በ10 ደቂቃ ውስጥ እዘጋለሁ።" ከሥሩ አንድ ቁልፍ አለ፤ "1 ሰዓት ጨምር"። የሚፈልገው ሰው ይጫናል። መጀመሪያ የሠራነው ግን እንዲህ አልነበረም። "ልዝጋ?" ብሎ ይጠይቅና አንዳችን "አዎ" ስንል ነበር የሚዘጋው። ሁለት ቀን ሳይቆይ ያ አርብ ትዝ አለኝ። ያን ማታ ቢጠይቀን ማን ነበር "አዎ" የሚለው? መብራት የለም፣ ዋይፋይ የለም፣ ሁላችንም መንገድ ላይ ነን። ስለዚህ ገለበጥነው። ዝም ካልን ይዘጋል። እንዲበራ የሚፈልግ ነው መናገር ያለበት። እንደ ጅማ መብራትም ኔትወርክም በሚቆራረጥበት ከተማ ለሚሠራ ሰው ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዞ ይሂድ ብባል ይህን ነው የምሰጠው።

"አትንካ" የምንለው ፋይልም አለን። አንዳንዴ ደንበኛ ሊያየው ስለሚመጣ ክላስተሩ በርቶ እንዲቆይ እንፈልጋለን። ያን ፋይል ስናስቀምጥ ስክሪፕቱ አይነካውም። ፋይሉ ግን ከ12 ሰዓት በኋላ ዋጋ የለውም። ማብቂያ የሌለው "አትንካ" መጨረሻው ያው የታኅሣሡ አርብ ነው።

አሁን ስለ ገንዘቡ አንድ ሌላ ነገር ልናገር። ተዘጋ ማለት ሂሳቡ ቆመ ማለት አይደለም።

አያቴ ገጠር ሳለች ማታ እሳቱን አታጠፋውም ነበር፤ ትዳፍነዋለች። ፍሙን አመድ ታለብሰዋለች፣ ጠዋት ገለጥ አድርጋ እፍ ስትል ይነሳል። ክላውድ ላይም ሁለቱም አሉ። ማሽኑን ማቆም መዳፈን ነው፤ ዲስኩ ይቆያል፣ ነገ ከነዕቃው ይነሳል። ማሽኑን መሰረዝ ግን ማጥፋት ነው። የተዳፈነ ፍም ደግሞ የራሱ ወጪ አለው። የእኛ ማሽኖች እያንዳንዳቸው 200 ጊጋባይት ዲስክ ነበራቸው። አማዞን ቨርጂኒያ ላይ የተለመደው ዲስክ በጊጋባይት በወር 8 ሳንቲም ነው። 10 ማሽን፣ 2 ሺህ ጊጋባይት፣ በወር 160 ዶላር። ወሩን ሙሉ አንድም ጊዜ ባናስነሳቸውም። ይህን ሳይ አንድ ዋና ማሽን ብቻ እየዳፈንን፣ 9ኙን ሠራተኛ ማሽኖች ሙሉ ለሙሉ መሰረዝ ጀመርን። ዳታው ኤስ3 ላይ ስላለ የምናጣው ነገር የለም። እዚያ ጊጋባይቱ በወር 2 ሳንቲም ከምናምን ነው።

ትንንሾቹም ይደማመራሉ። ከየካቲት 2024 በፈረንጆቹ ጀምሮ አማዞን አይፒቪ4 ለሚባለው ለእያንዳንዱ የሕዝብ የኢንተርኔት አድራሻ በሰዓት ግማሽ ሳንቲም ይቆርጣል፤ አንዱ በወር ወደ 3 ዶላር ከ60 ይመጣል። ኩበርኔቲስ የሚባለውን የክላስተር ማስተዳደሪያ አገልግሎቱን የሚከራይ ሰው ደግሞ አንድም ማሽን ሳይኖረው ለመቆጣጠሪያው ብቻ በሰዓት 10 ሳንቲም ይከፍላል፤ በወር 73 ዶላር ገደማ።

የማይክሮሶፍቱን ክላውድ፣ አዙርን፣ የምትጠቀሙ ይህን በተለይ ያዙልኝ። ማሽኑ ውስጥ ገብታችሁ እንደ ቤት ኮምፒውተር ብትዘጉት ስክሪኑ "ቆሟል" ይላችኋል። ኪራዩ ግን አልቆመም፤ ቦታው ለእናንተ ተይዟልና። ኪራዩ የሚቆመው ከአዙር በኩል ማሽኑን ስታስለቅቁት ነው። አንድ ወዳጄ ለሁለት ወር "የተዘጋ" ማሽን ሲከፍል ቆይቶ ነው ያወቀው።

ራሱን የሚያሳድግ የማሽን ቡድን ያላችሁም አንድ በአንድ አትዝጉ። አንዱን ስትዘጉት ቡድኑ "ታመመብኝ" ብሎ ሌላ ያስነሳል። የሚፈለገውን ብዛት ዜሮ አድርጉት፤ ራሱ ይሰበስባቸዋል።

ቶሎ ቶሎ መዝጋት አያስከፍልም ወይ የሚል ጥያቄ ከአንድ ተማሪ መጥቶልኛል። ድሮ ያስከፍል ነበር። አማዞን ላይ 10 ደቂቃ ብትጠቀሙም የሙሉ ሰዓት ነበር የሚቆረጠው። ከጥቅምት 2017 በፈረንጆቹ ጀምሮ ግን የሊኑክስ ማሽኖች በሰከንድ ነው የሚታሰቡት፤ ዝቅተኛው 60 ሰከንድ ነው። ስለዚህ ለምሳ ስትወጡ ዝጉ። ያዋጣል።

የበጀት ማስጠንቀቂያ አድርጉ፤ ግን አትደገፉበት። እህቴን ቅዳሜ የደረሳት ኢሜይል እሱ ነው። ማስጠንቀቂያ ይናገራል እንጂ እንዲሁ ተትቶ አይዘጋም። ደግሞ ይዘገያል፤ የአማዞን የሂሳብ መረጃ የሚታደሰው በቀን እስከ 3 ጊዜ ነው። እናንተ ስትሰሙ ሰዓታት አልፈዋል።

አንድ ስጋት ግን ሌሊት ያነቃኝ ነበር። ስክሪፕቱ ራሱ ቢሞትስ? የሚኖረው ዋናው ማሽን ላይ ነው። እሱ ከተበላሸ ማንም አይዘጋም፤ እኛ ደግሞ ተማምነን ተኝተናል። ስለዚህ ከክላስተሩ ውጪ ሌላ ጠባቂ አቆምን። በየሰዓቱ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የሚነሳ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ሥራ አለ የለም አይጠይቅም። "ይህ ክላስተር ከተነሳ 14 ሰዓት አልፎታል?" ብሎ ብቻ ያያል። ካለፈው ይዘጋዋል። ሥራው በየምስሉ ስለሚቀመጥ የሚጠፋ ነገር የለም። እስካሁን አንድ ጊዜ አድኖናል፤ የዋናው ማሽን ዲስክ ሞልቶ ስክሪፕቱ የቆመ ዕለት።

ሁሉንም ነገር ዝጉ እያልኩ አይደለም። ደንበኞቻችን ካርታቸውን የሚያዩበት ትንሽ ሰርቨር አለን። እሱ ሌት ተቀን ይበራል፤ ገበሬ ማኅበሩ መቼ እንደሚከፍተው አናውቅም። የምናገረው እየሠራ ስላለው አይደለም።

እማዬን ስለ ክላስተሩ ነግሬያታለሁ። ቤታችን ቆጣሪው የካርድ ነው። እማዬ ምጣዱን የምትሰካው ሊጡ ደርሶ፣ ማሰሻው ቀርቦ፣ ሰፌዱ ከተዘረጋ በኋላ ነው። አንዴ ከጋለ የሳምንቱን እንጀራ በአንድ ትንፋሽ ትጋግራለች። ከጎረቤት ሊጥ የተረፈው ካለ እሱንም ትጨምራለች። የመጨረሻው እንጀራ ሳይወጣ ሶኬቱ ይነቀላል፤ በቀረው ግለት ይበስላል። "ምጣድ ባዶውን አይግልም" ትለኛለች። ከእሷ ነው አንዱን ልማዳችንን የወሰድነው። ድሮ አራታችን ሥራችንን በየፊናችን እናስጀምር ነበር። አሁን ቀኑን በትንሽ ምስል በላፕቶፓችን እንሞክራለን፣ ስሕተቱን እዚያው እናርማለን። የደረሰውን ሥራ እንሰበስብና ማታ አንድ ላይ እንለቃለን። ክላስተሩ ይነሳል፣ ሁሉንም ይሠራል፣ እኛ ተኝተን ሳለን ይዘጋል። ጠዋት ስነሳ ቴሌግራሙ ላይ "አለቀ። ሌሊት 9 ሰዓት ከ10 ዘግቻለሁ" የሚል አገኛለሁ።

በመጋቢት፣ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ገደማ፣ እህቴ ደወለች። እሷ ጋ ጠዋት ነው። ፈረቃዋን ጨርሳ አውቶቡስ እየጠበቀች ነበር። ድምፅዋ ሰጋ ብሏል።

"ሚጡዬ፣ ምን ሆናችሁ? ሥራ ጠፋ እንዴ? ሂሳቡ እስካሁን 96 ዶላር ብቻ ነው የሚለው።"

"ሥራማ አለ እትዬ። ከታኅሣሥ ይበልጣል እንጂ አያንስም። ማሽኖቹ ናቸው ሥራቸውን ሲጨርሱ ቤታቸው የሚገቡት።"

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ "እሰይ" አለች። "በይ እኔም ልግባና ልተኛ፤ አውቶቡሴ መጣ።"